የትኛው ድኝ?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ኮሚቴ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ስለ ኬሚካል ማውራት ቅጣት እንዳይሆንባችሁ ሰግቼ ነበር። ደግሞም በመካከላችን ስለ ግድብ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ማዳበሪያ መናገር የሚችሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። የእኔ ነገር ትንሽ ናት። ከ20 ዓመት በላይ እንጀራዬን የበላሁት ከሃይድሮካርቦን አሟሚዎች ውስጥ ጥቂት ግራም ሰልፈር በማውጣት ነው። ስለዚህ ስለዚያችው ጥቂት ግራም ልንገራችሁ። ሐሳቤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ላቦራቶሪው «ሰልፈሩ ስንት ነው?» ለሚለው መልስ ሲያመጣ መሐንዲሱ «የትኛው ሰልፈር?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የሚገዛው መሣሪያም የሚያወጣው ገንዘብም በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ነው።

ሰልፈር በአማርኛችን ድኝ ነው። ዳሎል የወረደ ሰው ቢጫውን በዓይኑ አይቶታል። በአሟሚ ውስጥ ግን አይታይም፤ ሽታውም ሁልጊዜ እውነቱን አይነግርም። መጠኑን የምንለካው በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ስንት እጅ ብለን ነው። በእኛው ገበያ ላስላው። በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ሦስት የስንዴ ፍሬ ቢገባ፣ በክብደት 1 ፒፒኤም ገደማ ነው። ለሦስት ፍሬ ስንዴ ብሎ ኩንታል ጤፍ የሚመልስ ሸማች የለም። ካታሊስት ግን ይመልሳል።

ለምን እንደሚመልስ ለማየት ሄክሴንን እንውሰድ። ከኑግ፣ ከአኩሪ አተርና ከሌሎች የቅባት እህሎች ዘይት የሚያወጡ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት አሟሚ ነው። የሚገኘው ከቀላል ናፍታ ነው፤ ናፍታው ውስጥ ደግሞ ቤንዞል አለ። ግራ እንዳይገባን፣ ለመኪና የምንቀዳውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ባለ ስድስት ካርቦኑን ቀለበት ማለቴ ነው። የድሮ ፋብሪካ ሰዎች ቤንዞል ይሉታል፣ እኔም ለዛሬ እንደነሱ ልበል። ቤንዞል የደም ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው። ስለዚህ ሄክሴኑ ለምግብ ዘይት ሥራ ከመሸጡ በፊት በኒኬል ካታሊስት ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ይገናኝና ቤንዞሉ ወደ ሳይክሎሄክሴን ይለወጣል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ኒኬል ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰልፈርን መሆኑ ነው። በግምት አንድ የሰልፈር አቶም የሁለት የኒኬል አቶሞችን ቦታ ይይዛል፤ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ በተለመደው የሥራ ሙቀት አይነሳም። ሃይድሮጅን ቢነፍስበትም፣ ቢለመንም አይነሳም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 20 ቶን የሚያሳልፍ ፋብሪካ እንበል። በ1 ፒፒኤም በየሰዓቱ 20 ግራም ሰልፈር ይገባል። በዓመት 8,000 ሰዓት ቢሠራ 160 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ኩንታል ከ60 ኪሎ ማለት ነው። በወረቀት ላይ «1» ተብሎ የተጻፈው ነገር በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሰው የማይሸከመው ድኝ ሆኖ ካታሊስቱ ላይ ተቀምጧል። ይህም ሲሆን ደወል አይደውልም። ቤንዞል ሲለወጥ ብዙ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ በሪአክተሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የተተከሉትን ቴርሞኮፕሎች የሚከታተል ሰው ትኩሱ ቦታ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ያያል። ከላይ ያለው ኒኬል ሞቷል ማለት ነው። ትኩሱ ቦታ ታች ሲደርስ ቤንዞሉ ሳይነካ ያልፋል፤ መጨረሻም በርሜል ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ሩቅ አገር ያለ የዘይት ፋብሪካ ሠራተኛ ይተነፍሰዋል። ትንሿ ድኝ ራሷ ላትገድል ትችላለች፤ ገዳዩን ግን በር ከፍታ ታስገባለች።

እንግዲህ ድኝን ማውጣት ግዴታ ነው። መሣሪያውም ሞልቷል። ግን ድኝ አንድ ሰው አይደለም፣ ቤተሰብ ነው፤ እያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ጠባዩ ለየብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ በተበላሸ እንቁላል ሽታው የምታውቁት። አሲድነት ስላለው ኮስቲክ ሶዳ ያጥበዋል፤ ዚንክ ኦክሳይድም ይበላዋል። በወረቀት ስሌት 100 ኪሎ ዚንክ ኦክሳይድ 39 ኪሎ ሰልፈር ሊይዝ ይችላል፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል።

ሁለተኛው መርካፕታን ነው። በየቤታችን ባለው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ፣ ሲያፈስ እንድናውቀው ተብሎ የሚጨመረው ሽታ ከዚህ ወገን ነው። እሱም ደካማ አሲድ ስለሆነ፣ ቀላል ቀላሎቹ በኮስቲክ ይታጠባሉ።

ሦስተኛው ሰልፋይድና ዳይሰልፋይድ ነው። እነዚህ ለኮስቲክ የሚሰጡት ሃይድሮጅን የላቸውም፤ ማጠቢያውን ደኅና ዋሉ ብለው ያልፋሉ።

አራተኛው ታዮፊን ነው። ቀለበት ሠርቶ የተቀመጠ፣ ኮስቲክ የማይነካው፣ ቤንዞልን በመልክም በጠባይም የሚመስል ነው። እሱን ለመስበር ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሙቀት፣ ሃይድሮጅንና ኮባልት ሞሊብዲነም ካታሊስት ይፈለጋል። እዚያ ተሰብሮ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ዚንክ ኦክሳይዱ ይረከበዋል።

የመፍያ ነጥባቸውን ደግሞ ተመልከቱ። ሄክሴን በ69 ዲግሪ ይፈላል። ፕሮፒል መርካፕታን በ68። ኤቲል ሜቲል ሰልፋይድ በ67። ታዮፊን በ84፣ ቤንዞል በ80። ከሄክሴን ጎን ለጎን የሚፈላውን መርካፕታን በዲስቲሌሽን ማማ እለያለሁ የሚል ሰው፣ መንታ ልጆችን በቁመት እለያለሁ እንደሚል ነው። ነገር ግን ሁለት ፕሮፒል መርካፕታኖች ኦክሲጅን አግኝተው ተጣምረው ዳይሰልፋይድ ሲሆኑ፣ የመፍያ ነጥባቸው ከ190 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ማማው በቀላሉ ከሥር ያስቀራቸዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመጣባታለሁ።

መምህሮቻችን ባሉበት አንድ የታሪክ ነገር ላንሳ፤ በክፍል ውስጥ የሠርቶ ማሳያ ሙከራ አልሆን ብሎት የሚደነግጥ አስተማሪ ካለ መጽናኛ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1882 ዙሪክ ውስጥ ቪክቶር ማየር የሚባል የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ለተማሪዎቹ ቤንዞልን የሚለይ ምርመራ ያሳይ ነበር። ቤንዞል ከአይሳቲንና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ደጋግሞም ሠርቶለታል። የዚያን ቀን ግን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው የተለመደው ቤንዞል በማለቁ፣ ረዳቱ ከቤንዞይክ አሲድ የተሠራ ንጹሕ ቤንዞል አቀረበለት። ሰማያዊው ቀለም አልመጣም። ማየር ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ጉዳዩን ሲመረምር ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ቤንዞል ሳይሆን፣ ከከሰሉ ሬንጅ ጀምሮ አብሮት የሚመጣ የሰልፈር ውህድ መሆኑን አገኘ። ታዮፊን የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ኬሚስቶች ቤንዞልን እያዩ መስሏቸው ጎረቤቱን ሲያዩ ኖረዋል። በአራት ዲግሪ ልዩነት ብቻ የሚፈላው ጎረቤት ከዲስቲሌሽን በኋላም አብሮ ይወርዳልና።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። በባሕረ ሰላጤው አገር በሚገኝ አንድ የአሟሚ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የሚገባው ናፍታ መጀመሪያ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጋርድ ቤድ በምንለው ዕቃ ውስጥ ያልፋል። እኔ ዘበኛ እለዋለሁ። ሥራው ዋናውን ካታሊስት መጠበቅ ነው፤ ውስጡ ያለው የኒኬል እንክብል ሰልፈሩን በራሱ ላይ ይይዝና ለካታሊስቱ ይሞትለታል። ከዘበኛው ቀጥሎ ሪአክተሩ፣ ከሪአክተሩ ቀጥሎ ዲስቲሌሽን ማማው አለ። የሚገባው ናፍታ 3 ፒፒኤም ገደማ ሰልፈር ነበረው። ሁለቱን ኮስቲኩ ያጥበዋል፣ አንዱን ዘበኛው ይይዘዋል። ዘበኛው አንድ ዓመት እንዲቆይ የተሰላ ነበር፤ ለዓመታትም ቆይቷል።

አንድ ዓመት ላይ ግን ዘበኛው በአራት ወሩ ሞላ። ተለወጠ። የሚቀጥለውም በአራት ወሩ ሞላ። የፋብሪካው የዕለት መዝገብ ሲገለጥ የሚገባው ሰልፈር 3 ፒፒኤም ነው፤ እንዳለ ነው። የኮስቲኩ ጥንካሬ ትክክል፣ የሙቀቱ መጠን ትክክል፣ ፍሰቱ ትክክል። ስለዚህ ጣት ወደ እንክብሉ ሻጭ ተቀሰረ፤ «የላክልን ዕቃ ጥራት የለውም» የሚል የክርክር ደብዳቤ ተጀመረ። የእንክብሉ ሻጭም መለሰ፤ እነሱም መለሱ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጀመር እንደምታውቁት ጠበቆች እንጂ መሐንዲሶች አይጠቀሙም።

ነገሩን የፈታው ከኬረላ የመጣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። ትልቅ ዲግሪ አልነበረውም፤ ደብተር ነበረው። ከአጠቃላይ የሰልፈር መለኪያው በተጨማሪ ዶክተር ቴስት የሚባለውን የድሮ ምርመራ በየጭነቱ ይሠራ ነበር፤ የፋብሪካው መመሪያ ትቶት ነበር፣ እሱ ግን አልተወውም። ምርመራው ቀላል ነው። ናሙናውን ከሶዲየም ፕለምባይት ጋር በጠርሙስ ታናውጣላችሁ፣ ቁንጥር የድኝ ዱቄት ትጨምራላችሁ፤ መርካፕታን ካለ ይጠቁራል፣ ከሌለ ቢጫው እንዳለ ይቀራል። ይህ ሰው ወደ ቢሮዬ መጥቶ ደብተሩን ዘረጋና «ጌታዬ፣ ከስምንት ወር ወዲህ የሚመጣው ጭነት አይጠቁርም» አለኝ። አጠቃላዩ ሰልፈር ያው 3 ነው። መርካፕታኑ ግን ጠፍቷል። ታዲያ ሦስቱ ፒፒኤም ምንድን ነው?

መልሱ ከናፍታ አቅራቢው ዘንድ ተገኘ። አቅራቢው ምርቱን «ማጣፈጥ» ጀምሮ ነበር። በነዳጅ ማጣሪያ ቋንቋ ማጣፈጥ ማለት መርካፕታኑን በአየርና በኮባልት ካታሊስት ወደ ዳይሰልፋይድ መለወጥ ነው። ሽታው ይጠፋል፣ ዶክተር ቴስቱ ያልፋል፣ የምስክር ወረቀቱ ያምራል። ሰልፈሩ ግን የትም አልሄደም፤ ልብስ ቀይሮ እዚያው ተቀምጧል። ለቤንዚን ሻጭ ይህ በቂ ነው። ለእኛ ግን መከራ ነበር፤ የእኛ ኮስቲክ የሚያውቀው መርካፕታንን ነው። ዳይሰልፋይዱ ማጠቢያውን ሳይነካው አልፎ፣ ሦስቱም ፒፒኤም ዘበኛው ላይ ወደቀ። አንዱን ለመያዝ የተቀጠረ ዘበኛ ሦስት ሲመጣበት በሦስት እጥፍ ፈጥኖ ይደክማል፤ ዓመቱ አራት ወር ሆነ። ሒሳቡ ልክክ አለ።

መፍትሔውን እናንተው ገምታችኋል፤ ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ ናት። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም። ከመጨረሻ የነበረውን ዲስቲሌሽን ማማ ቧንቧ አዛውረን ከዘበኛው በፊት አመጣነው። ከባዱ ዳይሰልፋይድ ከማማው ሥር ቀረ፤ ታዮፊኑም ከፊሉ አብሮት ቀረ። እንዲያውም ከሄክሴን ጋር አብሮ እየፈላ ያስቸግር የነበረው ፕሮፒል መርካፕታን፣ አቅራቢው ቀድሞ ስላጣመረው በነጻ ተለየልን። ያ ጠላት የመሰለው ጭነት ከድሮው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ዘበኛውም ዓመቱን ሞልቶ አለፈ። አያችሁ፣ ዕቃው ያው፣ ናፍታው ያው፣ ቁጥሩ ያው 3 ፒፒኤም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ማን አዘዘው? «የትኛው?» የሚለው ጥያቄ።

የገንዘቡን ነገር ብዙ አላወራም። ማውራት የምፈልገው ስለ ሰዎቹ ነው።

ዘበኛው ሲሞላ መለወጥ አለበት። ያገለገለ ኒኬል አየር ሲያገኝ በራሱ ይነዳል። በቧንቧዎቹ ውስጥ የተሠራው የብረት ሰልፋይድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዕቃው የሚከፈተው ናይትሮጅን ተሞልቶ ነው። እንክብሉ በሙሉ በራሱ አይወርድም፤ የሚጣበቅ አለ፣ ጥግ የሚቀር አለ። ሰው መግባት ይኖርበታል። የአየር ቧንቧ የተገጠመለት ጭምብል አጥልቆ፣ በገመድ ታስሮ፣ ኦክሲጅን በሌለበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አካፋ ይዞ ይሠራል። ናይትሮጅን አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ጭምብሉ ከፊቱ ቢወልቅ አንድ ሁለት ትንፋሽ በቂ ነው፤ ሰውየው እንደታመመ እንኳ ሳያውቅ ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ያለ ቦታ ደጋግሞ የሚታየው ነገር ደግሞ ሁለተኛው ሟች የመጀመሪያውን ሊያወጣ ዘሎ የገባው ጓደኛው መሆኑ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በኮንትራት የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽ፣ አንዳንዴም ከእኛው አገር። በዓመት አንድ ጊዜ መግባት የነበረበት ሰው ሦስት ጊዜ ሲገባ፣ አደጋው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ፋብሪካ በዚያ ጊዜ ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ግን ተመስገን የደኅንነት ዕቅድ አይደለም። የኬረላው ሰውዬ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ለፋብሪካው ያዳነለት የእንክብል ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ጉድጓድ መግባት የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ከጉድጓድ አስቀርቷል። ለዚህ ነው አንድ ጠርሙስ ውስጥ የሚናወጥ የድሮ ምርመራ ከደኅንነት መሣሪያ የሚቆጠረው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። እንዲህ ያሉ አሟሚዎች ተሠርተው ያለቁ ሆነው ከውጭ ይመጣሉ፤ እንዴት እንደተሠሩ አናይም። በሌላ በኩል በአገራችን የዘይት ፋብሪካዎች እየበዙ ነው። በመጭመቂያ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ዘይት በፋጉሎው ውስጥ ይቀርበታል፤ በሄክሴን የሚያወጣ ግን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ስለዚህ ሄክሴን ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ሄክሴኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንደፋው አይደለም፤ እየተነነ፣ እየቀዘቀዘ፣ በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ቀን ከሌት ይዞራል። ቀላሉ ድኝ አብሮት ይዞራል። ከባዱ ድኝ ወደ ዘይቱ ያደላል፤ ዘይቱ በኒኬል የሚረጋ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለውን ካታሊስት ይጠብቀዋል። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፦ የትኛው?

የአገራችን እህል የራሱ ድኝ እንዳለውም አንርሳ። ሰናፍጭ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስለቅሰው በውስጡ ባለው የሰልፈር ውህድ ነው። ጎመንዘርም የዚያው ወገን ነው። ከጎመንዘር ዘይት አውጥቶ ለማርጋት የሚያስብ ሰው፣ አሟሚው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ድኙ ከእህሉ ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት። አሟሚውን ለመክሰስ ከመሮጥ በፊት ሁለቱንም መለካት ነው።

በትንሽ ገንዘብ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ግዢው ላይ። ሄክሴን የሚያዝ ድርጅት ከምስክር ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይጠይቅ፦ አጠቃላይ ሰልፈሩ ስንት ነው፣ በምን ዘዴ ተለካ፣ የሰልፈሩ ዓይነት ምንድን ነው፣ ቤንዞሉ ስንት ነው፣ ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ ይፈላል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ሊትር በጥቁር ብርጭቆ ጠርሙስ አስቀርቶ ቀኑን መጻፍ። ናሙናው በናስ ቧንቧ አይቀዳ፤ ናሱ ራሱ ድኙን ይበላና ላቦራቶሪው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ ዶክተር ቴስት። ከዚያ የመዳብ ቁራጭ ምርመራ፦ የተወለወለ መዳብ በናሙናው ውስጥ ለ3 ሰዓት በ50 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ነጻ ድኝ ወይም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ካለ ይጠቁራል። ታዮፊንን ግን ይህም ያም አያሳዩም። ሁለቱም «ንጹሕ ነው» ሲሉ አጠቃላዩ ቁጥር ግን ሰልፈር አለ ካለ፣ ያ ዝምታ ራሱ መልስ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ኮስቲክ የማይነካው ወገን ነው ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያገለገለ ኮስቲክ ድኙን ውጦ የተቀመጠ ነው። ያ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ ከሌላ ክፍል ከሚመጣ አሲድ ጋር ከተገናኘ፣ የዋጠውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተፋዋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአየር ውስጥ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ነው፤ በዚያ መጠን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ፣ እንግባ» ያለ ሰው የጠፋው ሽታው ሳይሆን አፍንጫው መሆኑን አያውቅም። የኮስቲክና የአሲድ ቦዮች እንዳይገናኙ ማድረግ በዲዛይን ሰዓት የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከመቀመጤ በፊት ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን ሦስት ነገር ላቅርብ።

ከመምህሮቻችን አንዱ፣ እኛ ተማሪ ሳለን፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተን «መልሱ አምስት» ስንል «አምስት ምን? አምስት በግ?» ይሉን ነበር። ስንቶቻችን እንደሳቅን ታስታውሳላችሁ። አሃድ መጻፍን ያስተማረን ያ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህንኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ማስኬድ ነው። በላቦራቶሪ ትምህርቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ልምምድ ይግባ፦ ሦስት ጠርሙስ ሄክሴን፣ የሦስቱም አጠቃላይ ሰልፈር እኩል፣ በአንዱ መርካፕታን፣ በሌላው ዳይሰልፋይድ፣ በሦስተኛው ታዮፊን። ተማሪዎቹ በጭስ ማውጫ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በኮስቲክና በዶክተር ቴስት ይለዩዋቸው፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ማጥሪያ ይንደፉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የተማረው ልጅ ግን «3 ፒፒኤም» የሚል ወረቀት ሲያይ ዕድሜውን ሙሉ አይታለልም።

ሁለተኛው ለእኛ በውጭ ላለነው ነው። ሰልፈርን ለይቶ የሚያይ ዲቴክተር ያለው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ለትምህርት ክፍሉ ብናበረክት፣ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ የዘይት ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። ግን እባካችሁ፣ ማሽኑን ብቻ ልከን ፎቶ ተነስተን አንለያይ። ጋዙን፣ ኮለምኑን፣ ጥገናውንና የባለሙያውን ሥልጠና ለአምስት ዓመት የሚሸፍን ገንዘብ አብረን እናስቀምጥ። ሽፋን ለብሶ ጥግ የቆመ ማሽን ስንት እንዳለ መምህሮቻችን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዳችን ከሥራ ዓለማችን አንድ የተፈታ ችግር፣ የድርጅቱን ስም ሳንጠራ፣ በአንድ ገጽ ጽፈን ለትምህርት ክፍሉ እንስጥ። የመማሪያ መጽሐፍ መርካፕታን በኮስቲክ እንደሚታጠብ ያስተምራል፤ አቅራቢው አንድ ቀን ሳይናገር ሊያጣፍጠው እንደሚችል ግን የሚያስተምረው የደረሰበት ሰው ነው። እኔ የእኔን ገጽ ይዤ መጥቻለሁ፤ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስረክባለሁ።

 ጥያቄ ያለው ካለ፣ ቡናው እየተቆላ ስለሆነ እዚያው እንጨዋወት።